በሁለት ጣት መሃል

ሰውየውን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ካልሲ» ነው የሚሉት። ስሙ ደግሞ እንዲሁ አልወጣለትም። ፀሐይ ድንጋይ በምታቀልጥበት ወር፣ የጓንት ፋብሪካው ቆርቆሮ ጣሪያ ከላይ ሲንቋቋ፣ ሌላው ሁሉ ጫማውን ወዲያ አሽቀንጥሮ በነጠላ ጫማ ሲንሸራሸር፣ እሱ ወፍራም ጥቁር ካልሲውን እስከ ቅልጥሙ ስቦ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ይላል። «ኧረ ጋሼ፣ እዚያ ካልሲ ውስጥ ምን ቀብረሃል?» ሲሉት፣ «እግሬ ብርድ አይችልም» ይላል። በዚያ ሙቀት! ወይ ጉድ፣ ሰው ስንት ይችላል።

እኔ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ምስጢር አስመስዬ ላንጠለጥላችሁ አልፈልግም። በሁለቱም እግሮቹ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት እስከ ጥፍራቸው ድረስ የተጣበቁ ናቸው። ሲወለድ ጀምሮ እንዲያ ነው። አያመውም፣ አያነክስም፣ ጫማም አይመርጥም። ግን ልጅ ሳለ ወንዝ ዳር ከእኩዮቹ ጋር ሲዋኝ አንዱ ቀበጥ አየና «ዳክዬ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ተቀባበሉት። ልጅ እንደሆነ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ወንዙ ደርቆ እንኳ ስሙ አልደረቀም። ከዚያ ወዲህ የጋሽ ካልሲን ባዶ እግር ያየ ሰው ቢኖር ሚስቱ ብቻ ናት። እሷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጀመሪያ ያየች ቀን አልደነገጠችም። «ተቃቅፈው የተኙ መንትዮች እኮ ናቸው» ብላ ሳቀች። እሷ ከሞተች በኋላ መንትዮቹን የሚያውቅ የለም። አንድ ልጁ እንኳ፣ አሁን ራሷ እናት የሆነችው፣ የአባቷ እግር ብርድ አይችልም እየተባለች ነው ያደገችው።

ሥራውን ደግሞ ስሙት። ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልሳል፣ ወዲህና ወዲያ ይስበዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ እየዳበሰ የት ጋ እንደሳሳ የት ጋ እንደወፈረ ይለያል። ጥቂቱን ይደራርብና የካርቶን ቅዱን አስቀምጦ በጠመኔ ያሰምራል። መጀመሪያ ተቆርጦ የሚወጣው ነገር እጅ አይመስልም፤ ጣት የሌለው፣ ሰፊ፣ አካፋ ነገር ነው። በስለታም ቢላ በጣትና በጣት መሃል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጫጭን የቆዳ ቁራጮች እግሩ ሥር ይረግፋሉ፤ ጠራጊዋ መጥታ ታፍሳቸዋለች። ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስተምር «ጓንቱን ጓንት የሚያደርገው ይሄ የምንጥለው ነው፤ መሃሉ ካልወጣ ጣት የለም» ይላል። ይህን ሲል ስለ ጓንት ብቻ የሚያወራ ይመስለው ነበር።

የልጅ ልጁ ስትወለድ የቀኝ እጇ መሃል ጣትና የቀለበት ጣቷ ተጣብቀው መጡ። በቃ፣ ሌላው ነገሯ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ለቅሶዋ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ጉንጯ ይበላል። እናቷ ግን ከዚያች እጅ ሌላ የሚታያት ነገር ጠፋ። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ልጇን ይዛ አባቷ ቤት ገባች። ሁለት ክፍል፣ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጋሽ ካልሲ የሚቀመጥበት ወንበር። ሰው ሲመጣ የጋሽ ካልሲ ልጅ የሕፃኗን ቀኝ እጅ በትንሽዬ ካልሲ ትሸፍነዋለች። «ፊቷን እንዳትቧጭር ነው» ትላለች። ጋሽ ካልሲ ያቺን እጅ ላይ የተጠለቀች ካልሲ ባየ ቁጥር የራሱን እግሮች ወንበሩ ሥር ይሰበስባል።

ልጅቷን የሚበላት ሌላ ነገር ነው። ማርገዟን ገና ሳታውቅ፣ አንድ ቀን ራሷን ሲፈልጣት ኪኒን ውጣ ነበር። አንዲት ኪኒን! ሚጡ ከተወለደች ጀምሮ፣ ሚጡ እያሉ ነው የሚጠሯት፣ እናትየው ያቺን ኪኒን መልሳ መላልሳ ትውጣታለች። ስታጠባ ትውጣታለች፣ ልብስ ስታጥብ ትውጣታለች። «በገዛ እጄ» ትላለች ለብቻዋ። አባትየው ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል።

ሚጡ ወንበር ተደግፋ መቆም ስትጀምር ሦስቱም ሆስፒታል ሄዱ። ዶክተሯ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት ሁሉ ወደ ጎን ገፍታ የሚጡን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ አደረገችና ስማ መለሰችላት። ከዚያ የራሷን እጅ ጣቶቹን ገጥማ አሳየቻቸው።

«የማንኛችንም እጅ በእናታችን ሆድ ውስጥ መጀመሪያ እንዲህ ነው» አለች። «ደፍን ነው፣ አካፋ ነገር። ጣቶቹ በኋላ ነው የሚለያዩት። እንዴት መሰላችሁ? በመሃላቸው ላሉት ሴሎች መልእክት ይመጣላቸዋል። በአፍ አይደለም፣ በኬሚካል ነው። ‹የእናንተ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ› የሚል። ሴሎቹ ሲደርሳቸው በሥርዓት ይሞታሉ። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ውስጣቸውን ቆራርጠው በትንንሽ ጥቅል ይቋጥሩታል፣ ጎረቤቶቻቸው ጥቅሉን ይበሉታል። እነሱ በሄዱበት ቦታ ክፍተት ይሆናል። ጣትን ጣት የሚያደርገው ያ ክፍተት ነው።»

«ሞተው?» አለች ልጅቷ።

«ሞተው። ሞት ሁሉ ክፉ አይደለም። ሌላም መልእክት አለ ደግሞ፣ ‹ቆይ› የሚል። ብዙው ሴል በየጊዜው ከጎረቤቱ ‹ቆይ› ካልተባለ ብቻውን መኖሩን አይቀጥልም። የሚጡ ጣቶች መሃል ያሉት ‹ሂዱ› የሚለው መልእክት ደክሞ ደረሳቸው ወይም አልሰሙትም። ይሄው ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ የኪኒኗን ነገር ተናገረች። ዶክተሯ ሰምታ ስታበቃ፣ «ከሱ ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በዘር ነው የሚመጣው። ለመሆኑ በቤተሰባችሁ ጣቱ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? የእግር ጣትም ቢሆን?» አለች።

«የለም» አለች ልጅቷ፣ ሳታስብ።

ዶክተሯ በሩ አጠገብ ወደቆመው አባት ቀና አለች። «እርስዎስ አባቴ፣ የሚያስታውሱት ሰው አለ?»

የጋሽ ካልሲ አፍ ተከፈተ። መንትዮቹ ካልሲያቸው ውስጥ ሽምቅቅ አሉ። በል እንጂ አንተ ሰው፣ ተናገር! አንዲት ቃል እኮ ናት! ግን «ከኔ ነው» ማለት የሚጡን እጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ማለት መሰለው። ደግሞም ያ ሁሉ የወንዝ ዳር ሳቅ እንደገና ተሰማው። «የለም» ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረ።

«በዘር ባይኖርም እንዲሁ ሊከሰት ይችላል» አለች ዶክተሯ። «እንግዲያ ምክንያቱን ቁርጥ አድርጌ ልነግርሽ አልችልም።» ልጅቷ ከተባለው ሁሉ ጆሮዋ የያዘላት ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ዶክተሯ ቀጠለች፤ ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው፣ በማደንዘዣ አስተኝተው ጣቶቹን ይለያዩላታል፤ ከቆየ ግን ረጅሙ ጣት በአጭሩ እየተጎተተ ይጎብጣል።

አውቶብስ ውስጥ ልጅቷ ሚጡን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየች፣ «ሰኞ አላመጣትም» አለች።

«ምነው እናቴ?»

«አንዲት ኪኒን ይሄን ካደረገች፣ በማደንዘዣ ሲያስተኟት ምን ልትሆን ነው? ሁለተኛ መድኃኒት በሰውነቷ አይገባም። ዶክተሯ እንኳ ልታጽናናኝ ነው እንጂ ራሷም አላመነችበትም፤ አላየሃትም?»

እዚያው አውቶብስ ላይ ሊነግራት ነበር። ግን ሰው ሞልቷል አለ በሆዱ። ቤት ሲደርሱ ደክሟታል አለ። ጠዋት ደግሞ ሥራ ረፈደ። ነገር እንዲህ ነው፤ ያልተናገሩት ቀን እየዋለ እያደረ ይወፍራል።

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት፣ እንደ ልማዱ፣ ቆዳ ማከማቻው ውስጥ ለስላሳ ክምር ላይ ጋደም አለ። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እሱም አያውቀው። ብቻ አንድ ሰፈር ገባ። በሁለት ረጃጅም ኮረብታዎች መሃል የተኛ ሰፈር ነው፤ መሬቱ ለብ ያለ፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ድው ድው የሚል። የቤቶቹ ግድግዳ ስስ ቆዳ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሰዎች በየደጃቸው ተቀምጠው ያወራሉ። ከኮረብታው በኩል ሽታ ይሁን ድምፅ ያልለየለት ነገር መጣ፣ ቀስ እያለ፣ ከደጅ ደጅ። የደረሰው ሁሉ ወሬውን ትቶ ብድግ አለ። ማንም አላለቀሰም። አንዲት ሴት መጋረጃዋን አውርዳ አጣጠፈች። አንድ ሽማግሌ ወንበሩን ፈታትቶ በገመድ አሰረ። ቤታቸውን ጠረጉ፣ መብራታቸውን አጠፉ፣ ያላቸውን በትንንሽ ጥቅል ቋጥረው ደጅ ላይ ለጎረቤት ተዉ። ከዚያ እነሱም ቤቶቻቸውም እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው ጠፉ። የኮረብታው ሰዎች ወረዱና ጥቅሉን እያነሱ ገቡ። ሰፈሩ በነበረበት ንፋስ ገባ፣ ብርሃን ገባ፤ ኮረብታዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻቸው ተንቀሳቀሱ።

ቀጥሎ ያለው ሸለቆ ግን ሌላ ነው። እዚያም መልእክቱ መጥቷል፤ ግን ደክሞታል መሰለኝ፣ በሩን የሚያንኳኳው በጥፍሩ ጫፍ ነው። ማን ይስማው! ልጆች ገመድ ይዘላሉ፣ የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይጠግናል። ጋሽ ካልሲ መሃላቸው ቆሞ «ሂዱ እንጂ! ጊዜያችሁ እኮ አለፈ!» ብሎ ሊጮህ ፈለገ። አልጨከነም። ኑሯቸው ደስ ይል ነበር። አንደኛው ደጅ ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች፤ ስታየው ዞር ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ቁልቁል ቢያይ ባዶ እግሩን ነው። ያፈጠጠበት ሰው አልነበረም። «ልጅቷን ግን ለምን ታስለቅሳታለህ?» አለችው ሚስቱ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ሊመልስላት ሲል ደወሉ ተደወለ።

ጠረጴዛው ጋ የተመለሰው ግማሽ ልቡን እዚያ ትቶ ነው። ቆዳውን ደረደረ፣ አሰመረ፣ ቆረጠ። ቢላዋው የለመደውን መንገድ ይሄዳል፣ ሐሳቡ ሸለቆው ውስጥ ይዞራል። የአውራ ጣቱን ለየ፣ የጠቋሚውን ለየ፣ የትንሿን ለየ። የሠራውን ክምር ለስፌት ላከና ሌላ ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ ከጓንት ሰፊዎቹ አንዷ ከማሽኗ ተነስታ መጣች። ይቺ ሰፊ ቀልድ ካላወራች ክር በመርፌዋ አይገባላትም የምትባል ናት። አንድ የተቆረጠ ጓንት ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ መሃል ጣቱና የቀለበት ጣቱ አልተለያዩም። ክምሩ እንዳለ እንደዚያው ነው።

«ጋሽ ካልሲ!» አለች ሁሉም እንዲሰማ፤ «ይሄንን የቆረጥከው ለዳክዬ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጋሽ ካልሲ ፊት ግን አመድ ሆነ፤ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ሰፊዋ ደነገጠች። «ኧረ ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ቀልዴን እኮ ነው! ማን ያልተሳሳተ አለ?» እሱም ክምሩን ተቀብሎ አንድ በአንድ መሃላቸውን ቆረጠ፤ የተበላሸ ነገር አልነበረም፣ ሁሉም ጓንት ሆነ። አንዱን ብቻ አልቆረጠውም። ለምን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም። አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሚጡ ምንጣፉ ላይ በማንኪያ ወለሉን ትደበድባለች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ተሳስተህ?» ጓንቱን ፊቱ ላይ ዘረጋችው። «አንተ እኮ ዕድሜ ልክህን ጓንት ተሳስተህ አታውቅም! ለሷ ነው አይደል? ስታድግ እንድታደርገው ነው! አንተም በልብህ ‹እንደዚሁ ልትቀር ነው› ብለሃል። እውነትህን ነው፣ ምን ታደርግ፤ እናቷ ሰኞ አልወስዳትም ብላለች። እናቷ በገዛ እጇ አበላሽታ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ጓንቱን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ቀስ ብላ አይደለም፤ ሆዷ እስኪታጠፍ።

ጋሽ ካልሲ ጎንበስ አለ። የቀኝ ጫማውን ክር ፈታ። ካልሲውን ከቅልጥሙ ጀምሮ ጠቀለለው፣ ተረከዙ ላይ ያዘው፣ አወለቀው። ከዚያ ግራውን። እግሮቹ ፀሐይ አይተው ስለማያውቁ ነጫጭ፣ የሌላ ሰው የሚመስሉ ነበሩ። ምንጣፉ ላይ አሳረፋቸው።

«እናቴ፣ ቀና በይ። ኪኒኗ አይደለችም።»

ቀና አለች። መጀመሪያ አልገባትም። ሚጡ ቀድማ ገባት፤ ማንኪያዋን ጥላ እየዳኸች መጣችና በዚያች በቀኝ እጇ መንትዮቹን ጨብጣ መጎተት ያዘች። እናትየው ከልጇ እጅ ወደ አባቷ እግር፣ ከአባቷ እግር ወደ ልጇ እጅ አየች።

«ስትወለድ ነው?»

«ስወለድ ነው። እናትሽ ታውቅ ነበር።»

«ዶክተሯ ስትጠይቅስ? ‹የእግር ጣትም ቢሆን› ስትል?»

ሚጡ የያዘችበትን እግሩን አየ።

«እዚያው ቆመህ አልነበር? እዚያው ቆመህ!» ተነሳች። እንባዋ ደርቋል፤ ፊቷ የሚያስፈራ ሆነ። «ከተወለደች ጀምሮ ሌሊት ተነስቼ ሳለቅስ ትሰማኛለህ እኮ! ግድግዳው ስስ ነው! ‹በገዛ እጄ› ስል ትሰማኛለህ! ለምን አባዬ? ለእግር ብለህ?»

«ዳክዬ ይሉኝ ነበር» አለ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ጮክ ብሎ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ራሱም ሰማው። «ከኔ መምጣቱን ካወቅሽ ደግሞ የምትጠዪኝ መሰለኝ።»

ሚጡን ብድግ አድርጋ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ጋሽ ካልሲ ባዶ እግሩን ተቀምጦ ቀረ፤ ካልሲዎቹን መልሶ ማድረግ ትርጉም አጣበት። ያቺ ዶክተር «ቆይ» ስለሚል መልእክት የተናገረችው ትዝ አለው። ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ነበረች፤ እሱ ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ አንዲት ቃል አላቀበላትም። እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ለብሳለች፤ ሚጡ በሰማያዊ ብርድ ልብሷ ተጠቅልላለች፣ እጇ ላይ ካልሲ የለም። አባቷን ፊቱን እንኳ አላየችውም።

«ነጠላ ጫማ አድርግ» አለችው። «ካልሲ የለም።»

መንገዱ ላይ ንፋሱ በእግሩ ጣቶች ላይ ሲሄድ ሕልሙ ውስጥ ያለ መሰለው፤ ቤቶቹ ሁሉ ስስ ሆኑበት፣ ሰዎቹ ዝም ብለው የሚንሳፈፉ። አውቶብስ ማቆሚያው ላይ ወደ ሥራ የምትሄደው ሰፊዋ ቆማለች። «ጋሽ ካልሲ! ካልሲህስ?» ብላ ቁልቁል አየች። ከዚያ የሰሞኑ ቀልዷ ትዝ አላት መሰል አፏን በእጇ ያዘች።

«ለዳክዬው ሰጠሁት» አላት።

ሰፊዋ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። ልጅቷ ፊቷን ወዲያ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ትንሽ ሲነቃነቅ አይቷል።

ዶክተሯ ዘንድ ሲገቡ «ሐሳብሽን ቀየርሽ?» ብላ ገና ሳትጨርስ ጋሽ ካልሲ እግሩን ወደፊት ዘረጋ። ዶክተሯ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ አየች። ወደ ልጅቷ ቀና ስትል ድምፅዋ እንደዚያን ቀን የሚያመነታ አልነበረም። «በዘር ነው። አንቺን ዘሎ ሚጡ ላይ ወጣ። ኪኒኑ የለበትም፣ አንቺም የለሽበትም።» ልጅቷ «እሺ» አለች። ደረቷ ውስጥ የቆየ አየር ሁሉ አብሮ ወጣ። ነርሷ መጥታ ሚጡን ተቀበለቻት፤ ብርድ ልብሱ በእናትየው እጅ ቀረ።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አግዳሚው ብረት። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ በመሃላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። የቀዶ ጥገናው በር ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ጋሽ ካልሲ መብራቱን ሲያይ ያ ሸለቆ ታየው፤ አሁን አንድ ሰው በደንብ አድርጎ በሩን እያንኳኳ ነው፣ ልጆቹ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ነው። ሚጡ ስትነቃ ያማት ይሆን እያለ ፈራ። ልጁም ፈርታለች፤ ብርድ ልብሱን በጣቶቿ ታፍተለትለዋለች። ሊያናግራት ፈለገና ተወው። ምን መብት አለው? ከሲሚንቶው የሚወጣው ቅዝቃዜ በነጠላ ጫማው አልፎ እግሩን ይዞታል፤ መንትዮቹ ቀልተዋል። ወደ አግዳሚው ሥር ሊሸሽጋቸው ሰበሰባቸው።

ልጅቷ አየች። ተነስታ ፊቱ ተንበረከከች፤ የሚጡን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ዘረጋችና ሁለቱንም እግሮቹን አንድ ላይ ጠቀለለችለት፣ ጫፉንም ከሥር ወሸቀችው።

«እግርህ ብርድ አይችልም አይደል?» አለችው።